ኤምአርአዩ «ንጹህ ነው» ተባልን፤ ታዲያ ወንድሜ የሚሰማው ድምፅ ከየት ነው የሚመጣው?

የበኩር_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለ አቋርጦ ወደ ቤት መጣ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ ከሰው ራቀ፤ ክፍሉን ቆልፎ መዋል ጀመረ። አንድ ቀን ማታ ቡና እየጠጣን ድንገት ዞር ብሎ «ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ። ማናችንም አልተናገርንም ነበር። እናቴ ስኒውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ኋላ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። ሁለት ወንዶች ይሰሙታል። እሱን አያናግሩትም፤ እርስ በርሳቸው ስለ እሱ ነው የሚያወሩት። «አየኸው? ሊነሳ ነው። ጫማውን ሊያደርግ ነው። ወዴት ሊሄድ ነው ደግሞ?» ይባባላሉ። ቀኑን ሙሉ።

ሐኪም ጋ ወሰድነው። ስኪዞፍሬኒያ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ጀመረ። አባታችን ግን «ጭንቅላቱ በማሽን ይታይ» ብሎ ድርቅ አለ። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በወረቀት ያልመጣ ነገር አያምንም። ከዘመድ ተበድረን ኤምአርአይ አስነሳነው። ውጤቱ ንጹህ ሆነ። እኔ ደስ አለኝ። ቤታችን የታመሰው ግን ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ «ማሽኑ ምንም የለበትም ካለ ትምህርቱን ጠልቶ እያስመሰለ ነው» አለ። እናቴ ደግሞ «ማሽን የማያየው ከሆነ መንፈስ ነው» አለች። ወንድሜ መሀል ቤት ተቀምጦ ሁለቱንም ይሰማል፤ በዚያ ላይ ሌሎቹን ሁለቱን።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጎልኝ ነበር። «ችግሩ የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት ላይ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ኤምአርአይ ያንን አያሳይም» አለኝ። ወረፋው ረጅም ስለነበር መጠየቅ አልቻልኩም። ምን ማለት ነው? የገባችሁ ካላችሁ አባቴ በሚገባው አማርኛ አስረዱኝ።

ሲስተር_ከደሴ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። 11 ዓመት በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። «ማሽኑ ምንም አላገኘም» የሚለውን ነገር በየሳምንቱ እሰማዋለሁ።

ኤምአርአይ የሚታዘዘው ስኪዞፍሬኒያን ለማግኘት አይደለም። ሌላ ነገር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን አንዳንዴ የሌለ ድምፅ ያሰማል። «ንጹህ ነው» ማለት እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ማለት ነው። ልጁ አልታመመም ማለት አይደለም። በዓለም ላይ የትም አገር ቢሆን ስኪዞፍሬኒያን በፎቶ አይተው አያረጋግጡም። ሐኪሙ ምልክቶቹን አይቶ፣ ታሪኩን ሰምቶ፣ ጊዜውን ቆጥሮ ነው የሚለየው።

ለአባትሽ እንዲህ በያቸው። የስልክ ምሰሶና ገመድ ፎቶ አንሺ። ምሰሶው አልወደቀም፤ ገመዱም አልተበጠሰም። ግን ፎቶውን አይተሽ ማን ለማን እንደደወለ ማወቅ ትችያለሽ? መስመሩ ጠርቶ ይሰማ እንደሆነ፣ ይቆራረጥም እንደሆነ አታውቂም።

ደግሞ ብቻችሁን እንዳይመስላችሁ። በቡታጅራ አካባቢ በ1990ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጅ) ቤት ለቤት በተጀመረው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰው ተጠይቋል። ከ1000 ሰው 5 በሚጠጉት ላይ ስኪዞፍሬኒያ ተገኘ። አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ድምፆቹ ራሱን ወይም ሌላ ሰው እንዲጎዳ የሚያዙት ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ። ያኑ ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ይቀለዋል።

የነርቭ_ተማሪ

ሲስተር መንገዱን ጠርጋልኛለች፤ ግንኙነቱን እኔ ልሞክር። ጀርመን ውስጥ ስለ አንጎል ዶክትሬት እየተማርኩ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንጎል ውስጥ ንግግር የሚያዘጋጅ ክፍል አለ። በአብዛኞቻችን በግራ በኩል ወደ ፊት ነው፤ ብሮካ ይባላል። ንግግር ሰምቶ የሚፈታ ሌላ ክፍል ደግሞ ከግራ ጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ አለ፤ ቨርኒኬ ይባላል። ሁለቱን እንደ ቅስት የታጠፈ የነርቭ ጥቅል ያገናኛቸዋል። ስሙ አርኩዌት ፋሲኩለስ ነው።

አሁን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስቡ። ከላይ የሚጻፍለት ሰው አለ። ከግርጌ ደግሞ «ግልባጭ፦ ለ...» ይላል። አንጎልም ግልባጭ ይልካል። ብሮካ ለአፍና ለጉሮሮ «ተናገሩ» ብሎ ሲጽፍ ለመስሚያው ክፍል ግልባጭ ያደርጋል። «አሁን የሚመጣው ድምፅ የራሳችን ነው፤ እንዳትደናገጥ» ነው መልእክቱ። መስሚያው ክፍል ግልባጩ ስለደረሰው የራሳችንን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቀበለዋል። ራሳችንን መኮርኮር የማንችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እጅሽ ጎንሽን ሳይነካ ግልባጩ ቀድሞ ደርሷል።

በልባችን ስናወራም ይህ ግልባጭ ይላካል ብለው ብዙ ተመራማሪዎች ያስባሉ። ታዲያ ግልባጩ ቢዘገይስ? ቢጠፋስ? መስሚያው ክፍል ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ከማን እንደመጣ ግን አያውቅም። ስለዚህ «ከውጭ የመጣ» ብሎ ይመዘግበዋል። የሰውየው የገዛ የልብ ንግግር የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ይሰማል።

ይህ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ተፈትኗል። በ2000 ሳራ ጄን ብሌክሞርና ባልደረቦቿ የመኮርኮሩን ነገር እንግሊዝ ውስጥ ሞከሩት። ድምፅ የሚሰሙ ወይም «ሌላ ኃይል ያንቀሳቅሰኛል» የሚሉ ታማሚዎች በራሳቸው እጅ ሲነኩም ሌላ ሰው ሲነካቸውም ያው ነው የሆነባቸው። አሜሪካ ውስጥ ጁዲት ፎርድና ዳንኤል ማታሎን ጭንቅላት ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ለኩት። ጤነኛ ሰው ሲናገር የመስሚያው ክፍል ምላሽ ይቀንሳል፤ ያንኑ ድምፅ ከቀረጻ ሲሰማ አይቀንስም። ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው ሰዎች ላይ ቅነሳው ደካማ ነው።

ለአባትሽ ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ንገሪልኝ። በ1993 ለንደን ውስጥ ፊሊፕ ማክጋየርና ባልደረቦቹ ድምፅ የሚሰሙ 12 ወንዶችን መረመሩ። ድምፁ በሚሰማቸው ሰዓት ንግግር የሚያዘጋጀው ብሮካ ውስጥ የደም ፍሰቱ ጨምሮ ተገኘ። ሰዎቹ አፋቸውን ዘግተው ተኝተዋል፤ አንጎላቸው ግን ንግግር እያዘጋጀ ነው። በ1999 ደግሞ ቶማስ ዲርክስ የሚመራው ቡድን ታማሚዎች ድምፁ ሲጀምርና ሲያቆም ቁልፍ እንዲጫኑ አደረገ። ድምፁ ሲሰማቸው፣ የእውነት ድምፅ ከጆሮ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀበለው የአንጎል ክፍል በሥራ ላይ ነበር።

ወንድምሽ እያስመሰለ አይደለም። ይሰማዋል።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ፤ ጥሩ ማብራሪያ ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በጥናት ከታየ ለምን ሐኪም ቤት አይሠራበትም? አንድ ቦታ ደግሞ ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች አንጎል ላይ አንድ እጥፋት እንደሚያጥር አንብቤያለሁ። እጥፋት ከሆነ እኮ ተራ ኤምአርአይ ላይ ይታያል። ይህች እህታችን ገንዘብ ከፍላ የተነሳው ፎቶ ላይ ለምን አልታየም?

የነርቭ_ተማሪ

ያነበብከው የ2015ቱ የካምብሪጅ ጥናት ነው። እጥፋቱ በአንጎል ፊት ለፊት፣ መሀል ላይ ይገኛል። ያሰብነውን ከሰማነው ለመለየት ከሚረዳን አካባቢ ነው። 1 ሴንቲሜትር ባጠረ ቁጥር ድምፅ ወይም ምስል የመፈጠሩ ዕድል በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል ተባለ። ግን ድምፅ ሰምተው የማያውቁ ብዙ ጤነኞችም ይህ እጥፋታቸው አጭር ነው።

ሁለት ክፍል ተማሪዎች አሉ እንበል። የሂሳብ ውጤታቸውን አማካይ ብታወዳድር አንዱ ክፍል ይበልጣል። አሁን አንድ ልጅ ጠርተህ «62 አመጣሁ» ቢልህ ከየትኛው ክፍል እንደሆነ ታውቃለህ? የአንጎል ጥናቶች የሚነግሩን የክፍሉን አማካይ ነው። ሐኪሙ ፊት የተቀመጠው አንድ ልጅ ነው።

የግንኙነቱ ጥናት ደግሞ ከእጥፋቱም ይከብዳል። ብሮካንና ቨርኒኬን የሚያገናኘውን የአርኩዌትን ታሪክ ብቻ ልንገርህ። በ2004 ስዊዘርላንድ፣ በርን ውስጥ የተሠራ ጥናት ድምፅ በሚሰሙ ታማሚዎች ላይ በዚህ መስመር ውስጥ ያሉት ክሮች ይበልጥ ተደራጅተው አገኛቸው። መስመሩ ጠንክሯል ማለት ነው። ከ10 ዓመት በኋላ የበርካታ ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ሲደመር በግራው መስመር ላይ የታየው ቅናሽ ነው። አንዱ ጨመረ ይላል፤ ሌላው ቀነሰ።

ከዚያ የጭንቅላት እንቅስቃሴ አለ። ከ2012 ወዲህ በደንብ እንደታወቀው፣ ሚሊሜትር የማይሞላ እንቅስቃሴ እንኳ ስካኑ ላይ የሌለ የግንኙነት ልዩነት ይፈጥራል። የተጨነቀ ሰው ደግሞ በዚያ ጠባብና ጩኸታም ማሽን ውስጥ ዝም ብሎ አይተኛም። መድኃኒቱ ራሱም ውጤቱን ይቀይራል። ጥሩ ተመራማሪዎች እነዚህን ለማጣራት ብዙ ይለፋሉ።

ቢሆንም ደጋግሞ የተገኘ ነገር አለ። ታላመስ የሚባል መሀል አንጎል ላይ የሚገኝ ማከፋፈያ አለ። ከጆሮ፣ ከዓይን፣ ከቆዳ የሚመጣው መልእክት በእሱ በኩል ያልፋል። ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው ሰዎች ታላመስ ከፊተኛው የአንጎል ክፍል ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ነው። ድምፅንና እንቅስቃሴን ከሚያስተናግዱት ክፍሎች ጋር ያለው ደግሞ ከመጠን በላይ የጠነከረ ነው። ስለዚህ «ገመዱ ተበጠሰ» ማለት ልክ አይሆንም። አንዱ ጋ ላልቷል፤ ሌላው ጋ ከርሯል።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። የመስሚያው ክፍል በስሙ የተጠራለት ቨርኒኬ ከ100 ዓመት በላይ አስቀድሞ የአእምሮ ሕመም የሚመጣው የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ ሲቆራረጡ ነው ብሎ ነበር። «ስኪዞፍሬኒያ» የሚለውን ቃል በ1908 ያወጣው የስዊዙ ሐኪም ብሎይለር ነው፤ ትርጉሙ «የተሰነጠቀ አእምሮ» እንደማለት ነው። ሁለት ሰው መሆን ማለቱ አልነበረም። ሐሳብ፣ ስሜትና ድርጊት እርስ በርስ መያያዛቸው ላላ ማለቱ ነው። በ1995 ካርል ፍሪስተንና ክሪስ ፍሪዝ ይህንኑ በዘመናዊ ስካን ቋንቋ መልሰው አነሱት።

ዝምታ

ሰላም። ድምፅ ከሚሰሙት አንዱ ነኝ። 9 ዓመት ሆነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አዲስ አበባ ነው የምሠራው።

«የልብ ንግግር ነው» የሚለውን ሳነብ ትንሽ ከፋኝ። ምክንያቱም የልብ ንግግሬን አውቀዋለሁ። አሁን ይህን ስጽፍ በልቤ እያወራሁ ነው። እሱ ሌላ ነው፤ እሷ ሌላ ናት። የምሰማት በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። ከግራ ጆሮዬ ኋላ ነው የምትመጣው። እኔ ከአፌ የማላወጣውን ስድብ ትሳደባለች። ያደግኩበት ሰፈር ሴትዮዎች ሲቆጡ በሚናገሩበት አነጋገር ነው። «ይህ ያንተው ሐሳብ ነው» ሲሉኝ «አንተ ነህ እንዲህ የምታስበው» እያሉኝ ነው የሚመስለኝ። ያ ያማል።

ለበኩር ልጅ፦ ወንድምሽን «የለም፣ ማንም አይናገርም» አትበሉት። እንደማትሰሙት ያውቃል። ይልቅ «ምን እያሉህ ነው?» በሉት። እኔን እንዲህ ብላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ አክስቴ ናት። ሦስት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

የሚረዳኝን ልንገርሽ። የስፌት መኪናው ድምፅ ይረዳኛል። ሳንጎራጉር ትቀንሳለች፤ ጮክ ብዬ ሳነብም ትቀንሳለች። ብቻዬን ስሆንና ሲመሽ ትብሳለች። ጫት የቃምኩ ቀን ሌሊቱን ሙሉ አታስተኛኝም፤ አሁን ትቼዋለሁ። መድኃኒቱ ጨርሶ አላጠፋትም። ድሮ ያለችኝን ሁሉ አምን ነበር። ዛሬ ጎረቤት ራዲዮ ከፍቶ እንደሚረብሸኝ ነው። ያስጠላል፤ ግን ሥራዬን እሠራለሁ።

የነርቭ_ተማሪ

ወንድሜ ዝምታ፣ ስለነገርከን አመሰግናለሁ። ልክ ነህ፤ ግልባጩ ብቻውን አይበቃም። ድምፁ ለምን የሴት ሆነ? ለምን ትሳደባለች? ለምን ከግራ? ግልባጭ መጥፋቱ ይህን አያስረዳም።

ለዚህ ሌላ ሐሳብ አለ። አንጎል ድምፅ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ይገምታል። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ስምህን የተጠራህ መስሎህ አያውቅም? ጆሮህ የሰማው ዝናብ ነው። ስምህን የጨመረው አንጎልህ ነው። በ2017 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሰዎች አንድ ምስልና አንድ አጭር ድምፅ ደጋግመው አብረው አቀረቡ። ከዚያ ምስሉን ብቻ አሳዩ። ብዙ ሰው አልፎ አልፎ «ድምፁን ሰማሁ» አለ። በየዕለቱ ድምፅ የሚሰሙት ሰዎች ግን ይህ በጣም በዛባቸው። አንጎላቸው ከጆሯቸው ይልቅ ግምቱን ያምናል። ግምቱ ደግሞ የሚሠራው ካለፈ ሕይወት ነው። የሰፈር ሴትዮዋ ቁጣ፣ ያ አነጋገር በትዝታህ ውስጥ አለ። አንጎልህ ድምፅ ሲሠራ የሚሠራው ካለው ዕቃ ነው። ስድቡ ያንተ እምነት ነው ማለት አይደለም፤ በሕልምህ የሚሰድብህ ሰው ቃል ያንተ እምነት እንዳልሆነ ሁሉ።

ስለ ማንጎራጎር ያልከው ደግሞ አስደሰተኝ። በ1987 ሁለት ተመራማሪዎች ድምፅ የሚሰሙ 18 ሰዎችን አፋቸውን በሰፊው እንዲከፍቱ አደረጉ። 14ቱ ድምፁ ቆመልን አሉ። አፍ በሰፊው ከተከፈተ የንግግር ጡንቻዎች በስውር እንኳ መሥራት አይችሉም። ስታንጎራጉርም የንግግሩ ክፍል ሥራ ይዟል።

መድኃኒቱን የገለጽክበት መንገድም ከሳይንሱ ጋር ይገጥማል። ዶፓሚን የሚባለው ኬሚካል በአንድ ነገር ላይ «አስቸኳይ» የሚል ማኅተም እንደመምታት ነው። በዚህ ሕመም ማኅተሙ በማይገባው ደብዳቤ ሁሉ ላይ ይመታል። መድኃኒቱ ማኅተሙን ያቀዘቅዛል። ደብዳቤው መምጣቱን ላያቆም ይችላል።

የገጠር_ልጅ

እኔ ሳይንሱን አልቃወምም። ግን የእኛ አገር ሰው የሚሰማው ድምፅ ስም አለው። ዛር ነኝ ይላል፤ እገሌ ነኝ ይላል፤ በጸበል ሲጠመቅ ይለፈልፋል። አጎቴ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ነርቭ ብቻ ከሆነ ስሙን ከየት አመጣው?

ዲያቆን_ዘላስታ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከልብ የመጣ ነው። እኔ ጸበል ቦታ አገለግላለሁ። በጸበል የዳነ አይቻለሁ፤ እመሰክራለሁ። መድኃኒቱን ጥሎ መጥቶ በሳምንቱ የባሰበትም አይቻለሁ፤ ያንንም እመሰክራለሁ። በ2007 በፈረንጅ አቆጣጠር ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ እንደማይጣሉም በይፋ አስተምረዋል። ለአንጎል ሕመም መድኃኒት ሌላ ሕግ የለም።

ለእናትሽ ይህን አድርሺልኝ። ልጅዎን ጸበል ይውሰዱት፤ ክኒኑንም ከስንቁ ጋር ይያዙለት። ሱባኤ ሲገባ የመድኃኒቱን ሰዓት ለነፍስ አባቱ ይንገሩ። በሰንሰለት እንሰረው የሚል ካለ አይፍቀዱ።

የነርቭ_ተማሪ

ዲያቆን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን።

የገጠር ልጅ፣ የጠየቅከውን ጥያቄ ታንያ ሉርማን የምትባል አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቿ አጥንተውታል። በካሊፎርኒያ፣ በጋና አክራና በሕንድ ቼናይ፣ ከየቦታው ድምፅ የሚሰሙ 20 ታማሚዎችን አነጋገሩ። ውጤቱ በ2015 ታተመ። ካሊፎርኒያ ያሉት የማያውቁት ሰው ድምፅ፣ ዛቻና ጦርነት ነው የሚሰሙት። ብዙዎቹም «አንጎሌ ተበላሽቷል» ይላሉ። አክራ ብዙዎቹ የእግዚአብሔርን ድምፅ እንደሚሰሙና መልካም እንደሚላቸው ተናገሩ። ቼናይ ደግሞ ብዙዎቹ የሚሰሙት ዘመዶቻቸውን ነው። «ገበያ ሂድ፣ ታጠብ፣ ቤት ጥረግ» ይሏቸዋል።

ሕመሙ አንድ ነው፤ ድምፁ የሚለብሰው ልብስ የአገሩ ነው። ስሙን ያመጣው የአጎትህ ነርቭ የኖረበት አገር ነው። አጎትህ አልዋሹም።

ሰናይት_ቤይሩት

ይህን ሳነብ አለቀስኩ። እህቴ ከቤይሩት ከተመለሰች በኋላ የምትሰማው የማዳሟን ድምፅ ነበር። በአረብኛ። «ተነሺ፣ ተነሺ» ነው የሚላት። ሌሊት ተነስታ ቤት ትወለውል ነበር። እኛ አረብኛውን ስለማናውቅ የመንፈስ ቋንቋ መስሎን ነበር።

ሲስተር_ከደሴ

ሰናይት እህቴ፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ ብዙ ልጆችን አስታምሜያለሁ። ድምፁ አንዳንዴ እዚያ የደረሰባቸውን ነው የሚደግመው። እህትሽ አሁን ሕክምና ላይ ካልሆነች ጻፊልኝ፤ በምትኖሩበት ከተማ የት መሄድ እንዳለባችሁ እነግርሻለሁ።

እናት_ሜሪላንድ

ልጆቼ፣ እዚህ ክር ላይ ስትጽፉ ሁለት ቀን ሳነብ ነው የቆየሁት። የ26 ዓመት ልጅ አለኝ። ሁለት መድኃኒት ተሞክሮ አልሆነም። አሁን ክሎዛፒን ጀምረውለታል፤ በየሳምንቱ ደም ይሰጣል። አንድ ወዳጄ «ማግኔት ጭንቅላቱ ላይ ቢያደርጉለት ድምፁ ይጠፋል» አለችኝ። እውነት ነው? ገንዘቡን ላዘጋጅ?

የነርቭ_ተማሪ

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይርዳዎት። ገንዘቡን ለጊዜው ያስቀምጡት።

የማግኔቱ ነገር እንዲህ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የየሉ ራልፍ ሆፍማን ከግራ ጆሮ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ላይ በሰከንድ አንድ ጊዜ ማግኔት እየመታ ሞከረ። የጥቂት ሰዎች ድምፅ ቀነሰ፤ ዓለም ሁሉ ተስፋ አደረገ። በ2011 ሆላንድ ውስጥ ብዙ ሰው ይዘው ሲያጠኑት ግን ከማይሠራው የማስመሰያ ማግኔት አልበለጠም። እዚያው አሜሪካ ማግኔቱ በ2008 ፈቃድ ያገኘው ለድባቴ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከብዙ ክፍሎች ግንኙነት ከሆነ፣ አንድ ቦታ መምታት ለምን እንዳልበቃ ይገባል።

ክሎዛፒን ግን ጠንካራ ማስረጃ አለው። በ1988 በወጣው ጥናት ሌላ መድኃኒት እምቢ ካላቸው ሰዎች መካከል ክሎዛፒን ከወሰዱት 30 በመቶው ተሻላቸው፤ የቆየ መድኃኒት ከተሰጠው ቡድን የተሻላቸው 4 በመቶው ብቻ ናቸው። ደሙን የሚወስዱት ነጭ የደም ሴሉ እንዳልወረደበት ለማየት ነው። አያቋርጡ።

ከመድኃኒቱ ጎን ስለ ንግግር ሕክምና ይጠይቁለት። ለንደን ውስጥ በ150 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2018 የታተመ አቫታር የሚባል አለ። ታማሚው የሚሰማውን ድምፅ ፊት በኮምፒውተር ይሠራለታል። ከዚያ ባለሙያው በዚያ ፊት ሆኖ ያናግረዋል፤ ታማሚው ደግሞ መመለስ ይለማመዳል። በ12 ሳምንት የድምፁ ጉልበት ከተራ ምክር ይልቅ በዚህ ሕክምና ቀንሷል።

እናት_ሜሪላንድ

ተባረክ ልጄ። ደሙን ለማቋረጥ አስቤ ነበር፤ ክንዱ በልዞ አሳዝኖኝ። አላቋርጥም።

የበኩር_ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት የሆነውን ልንገራችሁ።

አባቴ ጡረታ የወጣው ከመዝገብ ቤት ነው። 31 ዓመት ደብዳቤ ሲመዘግብና ሲያከፋፍል ኖሯል። ስለ ስልክ ምሰሶው ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። ስለ ብሮካ ስነግረው ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ። ግልባጩ ጋ ስደርስ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። «ቆይ እስቲ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለ።

ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ደብዳቤ ያለ ላኪ ከመጣማ መዝገብ ቤቱ ምን ያድርግ?» አለ። ቀጥሎም «እኛ ጋ እንዲህ ሲሆን ደብዳቤውን ያመጣው ተላላኪ ነበር የሚሰደበው» አለኝ። ከዚያ ብዙ አልተናገረም።

ማታ ወንድሜ ራት ሳይበላ ወደ ክፍሉ ገባ። አባቴ ተነስቶ ተከተለው። በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬ ምን ምን አሉህ?» ሲለው ሰማሁ። እናቴና እኔ ሳሎን ተያየን። ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ የወንድሜ ድምፅ ተሰማ፤ ቀስ እያለ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ። አንዱ ሰውዬ አነጋገሩ የስምንተኛ ክፍል ዩኒት መሪያችንን ይመስላል አለው። አባቴ እኮ ያንን ሰው ያውቀዋል። «እሱማ ድሮም አያበቃም» አለ። ወንድሜ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ አልሰማሁም ነበር።

ሲስተር፣ ያልሽኝንም ጠየቅኩት። ራሱን እንዲጎዳ አያዙትም፤ ያወሩበታል እንጂ። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። አባቴ አብሬ ካልሄድኩ ብሏል። ለሐኪሙ የሚጠይቀውን ቁጥር ሰጥቶ ወረቀት ላይ ጽፎታል። እስካሁን ሰባት ደርሷል።

ዝምታ፣ ወንድሜ ያንተን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሴትዮዋ ስፌት መኪናው ሲቆም ወዲያው ትመለሳለች ወይስ ቆይታ?» ብሎ ጠይቂልኝ ብሎኛል።

ዝምታ

ቆይታ ነው የምትመለስ በይው። አንዳንድ ቀን እስከ ማታ። ራሱ ሊጠይቀኝ ከፈለገም እዚሁ ይጻፍልኝ፤ ከሥራ የምወጣው 12 ሰዓት ላይ ነው።